ኒሻን አይናገርም፤ የአንድ መኮንን ታሪክ ከመዝገብ እንዴት ይገኛል?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ እማማ የምላቸውን ሴት አያቴን ይዤ ሶደሬ ወርጄ ነበር። ከአዳማ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር የምትገኘውን ይህችን ፍል ውሃ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በመዋኛዋና ምሳ በሚቀሙት ጦጣዎቿ ነው። እማማ የሚሄዱት ለጉልበታቸው ነው። በማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ውሃው ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። በዚያን ዕለት ግን ከቡናው ዕቃ ጋር አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ኖሯል።

«ትምህርትህ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» አሉና ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አኖሩት።

በውስጡ ሁለት ሜዳዮች፣ አንድ ብቻውን የቀረ ሪቫን፣ አንድ ፎቶግራፍና በአራት የታጠፈ ወረቀት ነበረ። ባለቤታቸው፣ ወንዱ አያቴ፣ አምና ነው ያረፉት። ለሙት ዓመታቸው በመቃብራቸው ላይ የሚቆመው ድንጋይ ታዝዞ፣ ጠራቢው የሚቀረጸውን ቃል እየጠበቀ ነበር። አጎቴ ቃሉን አዘጋጅቷል፤ «ሻምበል» ይልና ስማቸውን ጠርቶ «በኮርያ ዘመቻ ስለ ጀግንነታቸው በግርማዊነታቸው እጅ የተሸለሙ» ይላል። እማማ ግን ልባቸው አልረጋም።

«እኔ የማውቀው መቶ አለቃ ሲባሉ ነው» አሉኝ። «ድንጋይ ላይ ውሸት ተጽፎባቸው እንዲተኙ አልፈልግም፤ እውነት ከሆነም ተቀንሶባቸው እንዲተኙ አልፈልግም። አንተ ፈልግልኝ።»

አያቴን ራሳቸውን ለምን አልጠየቃችሁም የሚል አንባቢ ይኖራል። ጠይቀናል። ስለ ኮርያ ሲነሣ «ብርድ ነበር» ይሉና ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሱት ነበር። በደርግ ዘመን ቆርቆሮው በጤፍ ጆንያ ውስጥ ተቀብሮ እንደ ነበረ የሰማሁትም በዚያች ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በብዙዎቻችሁ ቤት እንዳለ አልጠራጠርም። ስለዚህ እማማ የሰጡኝን ሥራ ስሠራ የተማርኩትን ለእናንተ ላካፍላችሁ አሰብኩ፤ ይኸውም የአንድን መኮንን የአገልግሎት ታሪክና ሽልማት ከተረት ለይቶ ከመዝገብ ማውጣት እንዴት እንደሚቻል ነው።

ሦስት ዓምድ

ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር ግዙ፤ ገጹንም በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ላይ «የተባለው»፣ በሁለተኛው ላይ «የታየው»፣ በሦስተኛው ላይ «የተጻፈው» ብላችሁ ጻፉ።

«የተባለው» ሰው በቃሉ የሚነግራችሁ ነው። ማን እንደ ነገራችሁና እሱም ከማን እንደ ሰማው አብራችሁ ጻፉ፤ «አባቴ ሲናገር ሰማሁ» የሚለውና «ሰዎች እንዲህ ይላሉ» የሚለው ቃል ክብደታቸው አንድ አይደለምና። «የታየው» በእጃችሁ የያዛችሁት ወይም በዓይናችሁ ያያችሁት ነገር ነው፤ ሜዳዩ፣ የደንብ ልብሱ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ማዕረግ፣ የቁስሉ ጠባሳ። «የተጻፈው» ደግሞ ወረቀት ነው፤ ማን እንደ ጻፈው፣ መቼ እንደ ጻፈው፣ ለምን ጉዳይ እንደ ጻፈው አብሮ ይመዘገባል።

ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ያለ ማስረጃ ምንም ነገር አይሻገር። የእኛ ቤት ስሕተት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። አያቴ ኮርያ እንደ ዘመቱ ይነገር ነበር፤ ሜዳይ እንዳላቸው ይታይ ነበር፤ ሁለቱ ተጋቡና «ስለ ጀግንነታቸው በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተሸለሙ» የሚል ልጅ ወለዱ። ልጁም አድጎ ድንጋይ ላይ ሊወጣ ደረሰ።

ሜዳዩ የሚለውና የማይለው

በአፋችን ሁሉንም «ኒሻን» እንላለን። በደንቡ ግን ይለያያሉ። ኒሻን የሚባለው እንደ ኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻን ወይም እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ያለው ባለ ደረጃ ሽልማት ነው። ደረጃዎቹ በአውሮጳ ልማድ አምስት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ በፈረንሳይኛ «ኦፊሲዬ» ይባላል፤ ትርጉሙ መኮንን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የኒሻኑ የመኮንን ደረጃ የተሰጠው ሰው የጦር መኮንን ነበረ ማለት አይደለም። መምህርም፣ ሐኪምም፣ ነጋዴም ሊሆን ይችላል።

ሜዳይ ደግሞ በሦስት ወገን ይከፈላል። አንደኛው የዘመቻ ሜዳይ ነው፤ በዘመቻው የተካፈለ ሁሉ ያገኘዋል። ሁለተኛው የጀግንነት ሜዳይ ነው፤ ይህ በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ ስለ ተሠራ ሥራ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ሦስተኛው የመታሰቢያ ሜዳይ ሲሆን ለዘውድ በዓል፣ ለኢዮቤልዩና ለመሳሰለው ይታደላል። ሦስቱም ደረት ላይ ሲውሉ ያምራሉ፤ የሚመሰክሩት ነገር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከቆርቆሮው የወጣው የመጀመሪያው ሜዳይ በሰማያዊና ነጭ መስመር ሪቫን የተንጠለጠለ፣ ከላዩም «ኮርያ» የሚል በፊደላችን የተጻፈበት ነው። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ አገልግሎት ሜዳይ ነው። የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጽሑፉ በየተዋጊው አገር ቋንቋ ስለ ተቀረጸ የአማርኛም አለው። የሚሰጠውም በዚያ ጦር ውስጥ ሠላሳ ቀን ላገለገለ ነው። እንግዲህ ይህ ሜዳይ «ይህ ሰው ኮርያ ነበረ» ይላል፤ «ጀግና ነበረ» ግን አይልም። ጀግና አልነበረም ማለትም አይደለም፤ ስለዚያ ዝም ይላል።

ሁለተኛው የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ያለበት ነው። አጎቴ በእጃቸው አጠለቁለት የሚለው ይህን ነበር። በመጽሐፍ ከታተሙ ሥዕሎች ጋር አስተያይተን በ1948 ዓ.ም. የተከበረው የዘውድ በዓላቸው የ25ኛ ዓመት መታሰቢያ መሆኑን ለየን። ማን እንደ ሰጣቸው ሜዳዩ አይነግረንም፤ ስለዚህ የአጎቴ ቃል «በተባለው» ዓምድ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ብቻውን የቀረውን ሪቫን ግን እስከ ዛሬ ስላላወቅነው ባዶ ቦታ ትተንለታል። ባዶ ቦታ መተው አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በግምት መሙላት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳይ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል፣ ከወንድም ወደ ወንድም ይተላለፋል። አብዛኛውም የባለቤቱ ስም አይቀረጽበትም። ስለዚህ ከሜዳዩ ይልቅ ከእሱ ጋር የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ፈልጉ። ሜዳይ ያለ ወረቀት ዲዳ ምስክር ነው።

«ሻምበል» ማን ነው?

አሁን ወደ ታጠፈው ወረቀት እንምጣ። ራሱ የተቀደደ ስለሆነ ዐርማውና ቁጥሩ የሉም፤ ከታች ያለው ግን ደኅና ይነበባል። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት ነው። ከተቀደደው በታች የመጀመሪያው መስመር «...ኛ ሻምበል» ይላል፤ ቀጥሎ «ም/የመ/አ» ይልና የአያቴ ስም ይከተላል። ቤተሰቡ ለስልሳ ዓመታት ያህል የያዘው «ሻምበል» የሚለውን ቃል ነው። ቀጥሎ ያሉትን አራት ፊደሎች ማንም አላነበባቸውም፤ ቢያነባቸውም አልገቡትም።

ወዳጆቼ፤ በቋንቋችን አንዱ ቃል ለሰውም ለጦርም ይሆናል። ሻምበል ማለት ማዕረግ ነው፤ ከመቶ አለቃ በላይ፣ ከሻለቃ በታች። ሻምበል ማለት ደግሞ ይኸው ማዕረግ ያለው መኮንን የሚመራው የጦር ክፍል ነው። ሻለቃም እንደዚሁ ነው፤ ሺ አለቃ ከሚለው የመጣ ማዕረግ ሲሆን፣ ሻምበሎችን ያቀፈው ጦርም ሻለቃ ይባላል። «ቃኘው ሻለቃ» ሲባል ሰምቶ ቃኘው የሚባል አንድ ሻለቃ የነበረ የሚመስለው ሰው አጋጥሞኛል። ቃኘው የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ሲሆን፣ ጦሩ በእሱ ተሰየመ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ አዛዥ ደግሞ ሻለቃ ሳይሆኑ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ፤ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መርተዋል።

እንግዲህ ወረቀቱ የሚለው አያቴ ሻምበል ነበሩ ሳይሆን፣ በአንድ ሻምበል ጦር ውስጥ ምክትል የመቶ አለቃ ነበሩ ነው። እማማ «መቶ አለቃ ሲባሉ ነው የማውቀው» ያሉትም ትክክል ነበር፤ በንግግር ምክትሉን የሚጠራ የለምና።

ከማዕረግ ሌላ ሁለት መሰናክሎች አሉ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የውጭ አገር መዝገብ 1951 ሲል የእኛ 1943 ወይም 1944 ነው፤ ይህም የሚለየው ከመስከረም በፊት ወይም በኋላ በመሆኑ ነው። በቁጥሩ ጎን የማንን አቆጣጠር እንደ ተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ አያታችሁ ሳይዘምቱ ይሸለማሉ፤ ሳይወለዱም ይዘምታሉ።

ሁለተኛው ስም ነው። ፈረንጅ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር በፊደል ተራ የሚያስቀምጠን በአባታችን ስም ነው። አንዱን ስም ደግሞ ጸሐፊው እንደ ሰማው በአራትና በአምስት ዓይነት ይጽፈዋል። የአርበኛ ዘመን ወረቀት ከሆነ ሰውየው በፈረሱ ስም ሊጠራ ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከሆነ በክርስትና ስሙ ይገኛል። ስለዚህ ፍለጋ ሳትጀምሩ የሰውየውን ስሞች ሁሉ፣ የፈረንጁንም አጻጻፍ በየዓይነቱ፣ በአንድ ገጽ ላይ ዘርዝሩ።

መዝገቡ የት አለ?

የመጀመሪያው ቤተ መዛግብት ቤታችሁ ነው። የጋብቻ ውል፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የእድርና የማኅበር ደብተር፣ የጡረታ ደብተር፣ የፎቶግራፍ ጀርባ ሁሉ ይመርመር። በቀድሞው ዘመን ለአርበኞች፣ ለወታደሮችና ለመኮንኖች መሬት ይሰጥ ስለነበር የመሬት ስጦታ ወረቀት በቤታችሁ ካለ እንደ ወርቅ ጠብቁት፤ ማዕረግና ዘመን አብሮ ይገኝበታልና።

ከቤት ስትወጡ ጋዜጣ አለ። አዲስ ዘመን ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል፤ ጦር ሲሸኝና ሲመለስ፣ ሽልማት ሲሰጥ ዘግቧል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ሲሆን ጠቃሚነቱ ለታላላቆቹ ሹመት ነው፤ የምክትል መቶ አለቃ ስም በዚያ አትፈልጉ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክርና በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ጋዜጦችንና መጻሕፍትን፣ ሰነዶችንም የያዙ ናቸው። የአንድ መኮንን የግል ማኅደር የሚፈለገው ግን ከመከላከያ ዘንድ ነው፤ የዘመድነት ማስረጃና የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዞ መሄድ ይበጃል። የኮርያ ዘማቾች ማኅበርም አለ፤ በሕይወት ያሉ ጥቂት አባቶች ፎቶግራፍ አይተው «ይኼ እገሌ ነው» ሊሏችሁ ይችላሉ። ይህ ግን ነገ የማይገኝ መዝገብ ነውና ከሁሉ አስቀድሙት።

መጉላላት አይኖርም አልላችሁም። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት «ነገ ና» ተብዬ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ በአራተኛው ቀን ነው አንድ ሽማግሌ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ልጄ፣ የምትፈልገውን በጽሑፍ አምጣ፤ በአፍህ ብትነግረኝ ከአንተ ጋር ከበር ይወጣል» ያሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስም፣ የአባት ስም፣ የጦር ክፍል፣ ዘመን፣ የምትፈልጉትም ጉዳይ በአንድ ገጽ ይጻፍ።

ከውጭ አገር ደግሞ የኮርያን ዘመቻ በሚመለከት የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዋናው ነው። ምክንያቱም ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጂመንት ሥር ስለነበር የዕለት ውሎው በእነርሱ መዝገብ ገብቷል። አሜሪካኖች ለሌላ አገር ወታደር እንደ ብር ኮከብ ወይም እንደ ነሐስ ኮከብ ያለ ሜዳይ ሲሰጡ በጠቅላይ ትእዛዝ ያወጁታል፤ ትእዛዙም ስምና ማዕረግ፣ ለጀግንነት ከሆነም የተሠራውን ሥራና ቀኑን ይናገራል። በመጽሐፍ በኩል ኪሞን ስኮርዲሊስ እ.ኤ.አ. በ1954 በቶኪዮ ያሳተመው የቃኘው ታሪክ፣ ኤስ ኤል ኤ ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ ያሳተመው መጽሐፍ ይጠቅማሉ።

የታተመውን ሁሉ ግን አትመኑ። በኮርያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ስንት ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ በአንዳንድ ጽሑፍ 3,158፣ በሌላው 3,518 የሚል ታገኛላችሁ፤ ከጦርነቱ ማቆም በኋላ የሄዱትን የሚጨምሩ ደግሞ ከ6,000 በላይ ያደርሱታል። የሞቱት በአንዱ 121፣ በሌላው 122 ናቸው። 1 እና 5 ቦታ ቢለዋወጡ 360 ሰው ይፈጠራል ወይም ይጠፋል! ይህ በጠቅላላው ቁጥር ላይ ከደረሰ በአንድ ሰው ማዕረግ ላይ ቢደርስ ምን ይደንቃል?

ከጀርመኖች የምንማረው

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ የደከሙት የጀርመን መኮንኖችን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ያገኛቸው ችግርም ለእኛ ትምህርት ነው። የፕሩስያ ጦር ቤተ መዛግብት በፖትስዳም ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ የብዙ መኮንኖች የግል ማኅደርም አመድ ሆነ። እንግዲህ ጥናቱ ቆመ? አልቆመም። የባቫርያ ጦር መዝገቡን በሙኒክ ለብቻው ይዞ ስለነበር ተርፏል። የፕሩስያም ጦር የመኮንኖቹን ስም በማዕረጋቸው ተራ በመጽሐፍ እያተመ ያወጣ ስለነበር ቅጂው በየቤተ መጻሕፍቱ ቀርቷል። ተመራማሪው የአንዱን ዓመት መጽሐፍ ከሌላው እያስተያየ አንድ መኮንን መቼ እንደ ተሾመና ወደየት እንደ ተዛወረ ያወጣል። አሜሪካኖች የማረኩትን ወረቀት ደግሞ ወደ አሌክሳንድሪያ ቨርጂንያ ወስደው በፊልም ካነሡት በኋላ አብዛኛውን መለሱት፤ የጦሩ ሰነድ ዛሬ በፍራይቡርግ ይገኛል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ዋናው ቢቃጠል ግልባጩ የት ሄደ ብለህ ጠይቅ። ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው ስላለ አንድ ጉዳይ ቢያንስ በሁለት ቤት ይቀመጣል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ሽልማት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታላቅ የጀግንነት ሽልማት የነበረውን የብረት መስቀል ባላባት መስቀል ተሸልመዋል የተባሉ ከ7,300 በላይ ስሞች በተሸላሚዎቹ ማኅበር ዝርዝር ገብተው ነበር። ፋይት ሸርትሰር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ዝርዝሩን ከመንግሥቱ መዝገብ ጋር ሲያስተያይ ከመቶ ሃምሳ በላይ የሚሆኑት በቂ ማስረጃ የሌላቸው ሆነው አገኛቸው። ብዙዎቹ በጦርነቱ የመጨረሻ ቀናት፣ ሥርዓቱ ሲፈርስ፣ ሐሳቡ ቀርቦ ሳይጸድቅ የቀረ ነበር። ለሽልማት መታጨት አንድ ነገር ነው፤ መሸለም ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ጓደኞቻቸው «ይገባው ነበር» ያሉትን ማኅበሩ «ተሰጠው» ብሎ ጻፈው። የአጎቴም ነገር ይኸው አይደለም?

መዝገቡ ሲቋረጥ

በታላላቆቹ በኩል ብዙ ችግር የለም። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ውሰዱ። ስዊድኖች ባስተማሩበት በሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ሠለጠኑ፤ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ የስድስት ኪሎ ግቢ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተውም እዚያው ነው። የእነዚያን መኮንኖች ታሪክ የሚፈልግ ተማሪ ሰውየው በወደቁበት ግቢ ውስጥ ያልፋል።

የምክትል መቶ አለቃው ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። የቃኘው ጦር በብዛት የተውጣጣው ከክብር ዘበኛ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ለመለወጥ ተነሡ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም እነርሱን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት ወር ተሰቀሉ። ከክብር ዘበኛ መኮንኖችም ብዙዎቹ ታሠሩ፣ ከሥራም ተሰናበቱ። ስለዚህ በኮርያ የተሸለመ ሰው ስሙ እስከ 1953 ድረስ በየወረቀቱ እየታየ መጥቶ በድንገት ሊጠፋ ይችላል። ይህን ስታዩ «መዝገቡ ጎድሏል» ብላችሁ አትለፉት። የመዝገቡ መቋረጥ ራሱ መዝገብ ነው።

የአያቴ ወረቀት የጥቅምት 1953 ነው። ከዚያ በኋላ በወታደርነት የሚጠራቸው አንድም ወረቀት አላገኘንም። በ1955 ዓ.ም. በናዝሬት በተጻፈው የጋብቻ ውል ላይ ሥራቸው «ሾፌር» ይላል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ጊዜ እማማ በአንድ ቃል ሞሉልኝ።

«ታስረው ነበር» አሉ። «ስንጋባ ነግረውኛል። ለልጆቹ አትንገሪ ብለውኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህንንም «በተባለው» ዓምድ ጻፍኩት፤ ተናጋሪዋ እማማ፣ የሰሙትም ከራሳቸው ከአያቴ መሆኑን አስታውሼ።

በድንጋዩ ላይ የተጻፈው

ውጤቱን ለቤተሰቡ ያነበብኩት ሶደሬ ላይ፣ በዚያው ዛፍ ሥር ነው። አጎቴ ተቆጣ። «ወረቀቱ ጠፍቶ ነው እንጂ አባቴ ሻምበል ነበር! አንተ ተምረህ የምታመጣው ይህንን ነው? አያትህን ዝቅ ማድረግ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶግራፉን ብቻ ሰጠሁት። በበረዶ ላይ ቆመው ሰባት ወታደሮች ይታያሉ፤ አያቴ ከዳር ናቸው፤ የመኮንን ምልክት የላቸውም። በጀርባው ላይ «ኮርያ 1944» ተብሎ በእርሳስ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ሲዘምቱ ተራ ወታደር ነበሩ» አልኩት። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መኮንን ናቸው። ይህን ማንም አልነገረንም ነበር።»

አጎቴ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ያዘው። እማማ ሁለተኛውን ስኒ ቀድተው ሰጡትና «በወረቀት ያለውን ጻፉ፤ ያልተገኘውን እግዜር ያውቀዋል» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

በድንጋዩ ላይ ስማቸው፣ ከስማቸውም በፊት «ምክትል የመቶ አለቃ»፣ ከሥሩም «ኮርያ ዘማች» የሚል ተቀረጸ። «ጀግና» የሚለው ቃል አልገባም። አጎቴ እስከ ዛሬ ይከፋዋል፤ እኔም አልፎ አልፎ ይጨንቀኛል፤ ምናልባት አንድ ቀን ከአንድ ጠቅላይ ትእዛዝ ውስጥ ስማቸው ይወጣ ይሆናል እላለሁ። ስለዚህ ጠራቢውን ከታች አንድ መስመር የሚበቃ ቦታ እንዲተው ነገርነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የታላላቆቹን ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። የአሥር አለቃውን፣ የሃምሳ አለቃውንና የምክትል መቶ አለቃውን ታሪክ ግን እኛ ካልጻፍነው የሚጽፈው የለም፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ያለው በእኛ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የኮርያ ዘማቾች ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ናቸው። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ደብተር ያዙ፤ ፎቶግራፉን ሳትጠይቁ ከአልበሙ አታውጡ፤ የጀርባውን ጽሑፍ ግልባጭ ሳትይዙ አትመልሱ። ሦስቱን ዓምድ አስምሩ። የምታገኙት ከሰማችሁት ያነሰ ቢሆንም አትዘኑ፤ በእውነት የቆመ ምክትል የመቶ አለቃ በተረት ከቆመ ሻምበል ይበልጣል።